ኢሜይሉን ማን ከፈተልህ?

«የትኛው ስልክ ይሻላል?» ብሎ የሚያማክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ገዝቶ ጨርሷል። መካነ ሰላም ላይ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ጠያቂው ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነው የሚያማክርህ። «ሳምሰንግ» ካልከው ፊቱ ይጠቁራል፤ ወሬውንም ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። «ቴክኖ» ካልከው ግን እጁ ከነስልኩ ዱብ ይላል፤ «እኔስ ምን አልኩ!»

እኔም ዘዴ ዘየድኩ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ኪስ አያለሁ። ኪሱ በሰፊው ካበጠ ትልቅ ባትሪ ያለውን አወድሳለሁ፤ ቀጠን ብሎ ከተወጠረ ስለ ካሜራ ጥራት አወራለሁ። ሁለት እብጠት ካየሁ ደግሞ ዝም እላለሁ፤ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ምክር አያስፈልገውም፣ ቻርጀር እንጂ።

ጎረቤቴ የእህል ነጋዴ ሲጠይቁኝ ግን ዘዴዬ አልሠራም፤ ጋቢ ደርበው ነበር፤ ኪስ አይታይም።

እኚህ ሰው ጤፉንም ስንዴውንም ባቄላውንም ከገበሬው ይሰበስቡና በአቀስታ አድርገው ወደ ደሴ ይጭናሉ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉኛል፤ የእኔ ፀጉር መሸበት በዚህ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ለቢዝነስ ኢሜይል የሚሆን፣ ማንም የማይጠልፈው ስልክ የትኛው ነው?»

«ኢሜይል ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?»

«ፎርሙ ላይ አለ።»

እውነታቸውን ነው። በየፎርሙ ላይ ከስልክ ቁጥር በታች ያለችው ያቺ ባዶ መስመር ስንት ዘመን በሰረዝ ታልፋ ኖራለች። ንግድ ፈቃድ በኦንላይን ይታደስ ከተባለ ወዲህ ግን ሰረዝ አይበቃም ተባለ። ሰው የሆነች ጸሐፊ ብትሆን ትለመናለች፤ «እባክሽ እህቴ፣ ኢሜይል የለኝም፣ ከሩቅ ነው የመጣሁ» ቢሏት ራርታ ታልፋለች። ኮምፒውተር ግን አይለመንም፤ ዘመድም የለው፣ አማላጅም አይቀበል።

ኢሜይሉስ እሺ። የከበደኝ «ማንም የማይጠልፈው» የሚለው ነው።

ስልክ ምስጢር ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ትውልድ አዲስ ነው። በወላጆቻችን ዘመን ስልክ የሚደወለው ቴሌ ቢሮ ተሄዶ፣ ተራ ተይዞ ነበር። የስልኳ ክፍል በር ነበራት። መስመሩ ስለማያሰማ ደዋዩ በሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋና ይጮሃል። ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የሰንጋውን ዋጋ፣ የልጅቱን ጋብቻ፣ አዲስ አበባ ያለውን ወንድም ዕዳ አንድ በአንድ ይሰማል። ደዋዩ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ከአግዳሚው «በዚያ ዋጋማ እንዳትሸጥ!» የሚል ምክር ይከተለዋል። ምስጢር የሆነ ጉዳይ ያለው ሰው ደብዳቤ ጽፎ በታመነ ሰው እጅ ይልካል፤ አለዚያም ራሱ ይሄዳል። «ምስጢርህን ለወዳጅህ አትንገር፤ ወዳጅህም ወዳጅ አለው» የሚለው ተረት ስልክ ከመምጣቱ በፊት የተነገረ ነው፤ ስልክ መጥቶም አልሻረውም።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ 36 ሺህ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም ለአዲስ አበባ። በእኛ በደቡብ ወሎዋ ቦረና ደጋ ላይ ወጉ እስኪደርሰን ዓመታት አልፈዋል። ከደረሰንም በኋላ ነገሩ ከአግዳሚው ዘመን ብዙ አልራቀም። ወደ አባይ በረሃ ቆልቆል ያለው አገር ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ጉብታ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ድምፁን አይቆጥብም። ከሥሩ ያለው መንደር ጉዳዩን ይሰማል፤ ነፋሱ ከረዳ ማዶ ያለው የጎጃም ሰውም አይቀርበትም።

ጋሼ የሚፈልጉት ስልክ ግን በአንድ ዘመን ነበረ። ብላክቤሪ ይባላል። ዋተርሉ በምትባል የካናዳ ከተማ የሚገኝ ኩባንያ የሠራው፣ ከስክሪኑ ሥር ጥቃቅን ቁልፎች የተደረደሩበት፣ ባለ ከረቫቱ ሰው ሁሉ በሁለት አውራ ጣቱ የሚጎነጉነው ስልክ ነበር። ዋና ሥራውም ኢሜይል ነው። መልእክቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ሲወጣ ተቆልፎ ይወጣል፤ የሚከፈተው ባለቤቱ እጅ ላይ ሲደርስ ነው፤ በመሐል ያለ ሰው ቢያገኘው የሚያየው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው። ባራክ ኦባማ በጥር 2001 ዓ.ም. ዋይት ሃውስ ሲገቡ ጠባቂዎቻቸው ስልኩን ሊያስቀሯቸው ቢታገሉም፣ ጥበቃው ተጠናክሮለት ብላክቤሪያቸውን ይዘው ቀሩ።

ከኦባማ ይልቅ የሚበልጠው ምስክር ግን የመንግሥታት ኩርፊያ ነው። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ «በዚህ ስልክ የሚተላለፈውን መቆጣጠር ካልቻልን አገልግሎቱን እንዘጋዋለን» አለች። ሳዑዲ ዓረቢያም ተከተለች። በኋላ ከኩባንያው ጋር ተነጋግረው፣ ሳይዘጉት ቀሩ። እንግዲህ መንግሥት «ማንበብ አቃተኝ» ብሎ አቤት ያለለት ስልክ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል?

ይህን ሁሉ ለጋሼ በወግ በወጉ አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ።

«መብራት ነበረው?» አሉኝ።

«የምን መብራት?»

«የባትሪ መብራት ነዋ! ሌሊት በጎቹ ሲንጫጩ የሚበራ።»

የለውም፤ ቢኖረውም ለዚያ አልተሠራም አልኳቸው። ዛሬ ግን አገልግሎቱ እንደቆመ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ኩባንያው የድሮዎቹን ብላክቤሪዎች ድጋፍ ሲያቋርጥ ያ ሁሉ ጥበቃ ያለው ስልክ «ሃሎ» ለማለት እንኳ ዋስትና እንዳጣ ጨመርኩላቸው።

«እንግዲያ መብራት ከሌለው ቢሞት ምን ይደንቃል» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። እውነትም በዚያው ዘመን የተሠራ፣ ሆዱ በጎማ የታሰረ ባለ መብራት ኖኪያ እስከ ዛሬ በገበያ መሐል ሲጮህ ይሰማል። ስለ ቴክኖሎጂ የተጻፈ ነገር ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደ ጋሼ ያለ አጭር ግምገማ ግን አልገጠመኝም።

ብላክቤሪ ከሞተ የቀሩት ተፎካካሪዎች ሦስት ናቸው፤ ቴክኖ፣ ሳምሰንግ፣ አይፎን።

ቴክኖ የቻይናው ትራንሽን ልጅ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ይገጣጠማል፤ ባለ ቁልፎቹ ላይም የአማርኛ ፊደል አትሞ መጥቷል፤ ስለዚህ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪው መብራት ሲጠፋ አያሳፍርም፤ ዋጋውም ከሰው አቅም ጋር ይነጋገራል። ለምስጢር ሲሆን ግን አንድ ነገር አለ። ሌቦች በየጊዜው በስልኮች ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ያገኛሉ፤ ኩባንያዎች ደግሞ በአፕዴት ይደፍኑታል። ርካሽ ስልክ፣ የቴክኖም ሆነ የሌላ፣ ድፈናው ቶሎ ይቆምበታል። ሳምሰንግ በጥር 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ኤስ 24ን ሲያወጣ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል። ቃሉ ግን ለላይኞቹ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ታናናሾቹ ናቸው፤ አንዳንዴም ስሙን ብቻ የለጠፈ ኮፒ ይመጣል። አይፎን በዚህ የሚታማ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የወጣው አይፎን 6 ኤስ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣውን ሲስተም ተቀብሏል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ አፕዴት የሚያደርግ ሰው ሲኖር ነው። በእኛ አገር አፕዴት ፓኬጅ የሚበላ ጅብ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ መጀመሪያ የሚያስዘጋው እሱን ነው። «ዝጋልኝ፣ ብሬን እየበላ ነው» ይላል፤ ስልክ ሻጩም ይዘጋለታል። ሌባውን የሚያስቀረው ዘብ ቀለቡ በዛ ተብሎ ይባረራል ማለት ነው።

ወደ አይፎን ልመለስ። በደቡብ ወሎ የአይፎን መንገድ በአመዛኙ በጅዳና በሪያድ ያልፋል። ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ዓረብ አገር ነው፤ ወንድም እህቱ የላከችለትን ስልክ ይዞ ይንጎማለላል። የማውቀው አንድ ወጣት መምህር አለ፤ እህቱ በምትመለስ ሴት እጅ አይፎን ላከችለት። ስልኩ እሷ ዘንድ ሁለት ዓመት የሠራ ስለሆነ የሚታወቀው በእሷ ስም ነው። ልጁ አዲስ አፕ ሊጭን ሲል ስልኩ «ኮድ ልከናል» ይለዋል። የተላከው ወደ ጅዳ ነው።

እህቱ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳን የምታገኘው ማታ፣ ሥራ ሲያልቅ ነው። እሱ ኮዱን የሚፈልገው ቀን ነው። በኢሞ «እህት ዓለም፣ ኮዱን» ብሎ ይጽፋል። ሌሊት ትልካለች፤ ኮዱ ጊዜው አልፏል። ጠዋት ሌላ ይጠይቃል። እንዲህ ሲል የአንድ ባንክ አፕ ለመጫን አንድ ሳምንት አለፈ። የደህንነት ሊቃውንት ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚሉት ነገር በትክክል ይህ ነው፤ አንደኛው ደረጃ መካነ ሰላም፣ ሁለተኛው ጅዳ። ከዓለም ይህን ያህል የተጠበቀ ስልክ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ እንኳ አይገባበትም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ሌሊት ደወለችለት። «ያቺ ቀይ ሻርፕ የለበሰችው ማን ናት?» አለችው። ልጁ ደነገጠ። ደንቆሮ ጫካ ጭላዳ ለማየት የሄዱ ዕለት ያነሳት ልጅ ናት። ፎቶው ለካ በእህቱ ስም ወደተከፈተው የአፕል መዝገብ ሽቅብ እየወጣ፣ ጅዳ ካለው ስልኳ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል ነበር፤ የእሱ ላም ወተቷን የምታልበው እህቱ ሆና ተገኘች። የሚገርመው፣ ልጅቱን ወደደቻት። ሽማግሌ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ፤ የልጁን አፍ ግን አላምንም፣ አፍሮ ነው የሚያወራው።

ለመሆኑ ጋሼ የጠየቁትን ኢሜይል የሚከፍተው ማነው? ስልክ ሻጩ ልጅ ነዋ።

ከአውቶብስ መናኸሪያ ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ሞባይል ጥገና፣ ካርድ፣ ኢሜይል እንከፍታለን፣ ኤፍ አር ፒ፣ አይክላውድ፣ ዘፈንና መንዙማ እንጭናለን» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት አጉሊ መነጽር በግንባሩ አስሮ ተቀምጧል። ስልክ የገዛ ሰው ኢሜይል የለውም፤ ስልኩ ደግሞ ያለ ኢሜይል አፕ አያወርድም። ስለዚህ ልጁ ይከፍትለታል። ስም ይጠይቃል፣ የልደት ዘመኑን ከራሱ ይፈጥራል፤ አብዛኛው የቦረና ገበሬ በጉግል መዝገብ ጥር 1 ቀን የተወለደ ነው። ፓስወርዱንም ልጁ ያወጣል። አሠራሩ አንድ ነው፤ የስሙ መጀመሪያ፣ ከኋላው 1234፣ ከዚያ ያቺ የተጠማዘዘች ምልክት። ለማረጋገጫ የሚመጣው ኮድ ወደ ገዢው ስልክ እስኪመጣ መጠበቅ ይሰለቸዋል፤ የገዢው ሲም ገና አልገባም፤ ስለዚህ የራሱን ቁጥር ያስገባል።

ሲጨርስ የስልኩን ካርቶን ያገላብጣል። ከሥሩ፣ ባለ መስመሯ ስቲከር ከተለጠፈችበት በታች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ኢሜይሉንና ፓስወርዱን አጥርቶ ይጽፋል፤ እንዳይጠፋም በፕላስተር ይለጥፍበታል። «ይቺን ካርቶን እንዳትጥላት» ብሎ ያስጠነቅቃል። አትጣልም። ወደ ቤት ትሄድና ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ፎቶግራፍና የፕላስቲክ አበባ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቡና ሊጠጣ የገባ ጎረቤት ሁሉ ያነባታል።

በዚህ ስሌት ልጁ የከተማው ግማሽ ምስጢር ጠባቂ ነው። የነጋዴውም፣ የመምህሩም፣ የመድኃኒት ቤቷም ኢሜይል በእሱ ፎርሙላ የተከፈተ፣ በእሱ ቁጥር የታሰረ ነው። ቢፈልግ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ማንበብ ይችላል። አያነብም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋ ባይሆንም ጊዜ የለውም፣ ስክሪን የተሰበረበት ሰው ከበሩ አይጠፋም።

«ለሰዎቹ ፓስወርዳችሁን ቀይሩ ብለህ አትነግራቸውም?» አልኩት።

«እነግራቸዋለሁ እንጂ። ቀይረው ረስተው ይመጣሉ። ከዚያ የሚሰደበው እኔ ነኝ» አለኝ፤ አጉሊውን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ።

ረስተው ሲመጡ ደግሞ ሌላው ሥራው ይጀምራል። ጉግል ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ያመጣው ቁልፍ አለ፤ ስልኩ ተሰርቆ ቢጸዳም የቀድሞውን ኢሜይልና ፓስወርድ ካላገኘ አይከፈትም። ሌባን ለማሳፈር የታሰበ ነው። ሌባው የት እንደሚሄድ ግን ካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች አላሰቡበትም፤ ኤፍ አር ፒ ማለት በበሩ ላይ በቀይ የተጻፈው እሱ ነው። እዚህ ቤት የሚዘጋውም የሚከፍተውም አንድ ልጅ ነው። ስልክህ ምን ያህል ጥበቃ አለው ቢሉኝ ያቺን በር አሳያለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ እንዳይነካ የሚደነግግ ነው። ስለ ስልክ ካርቶን የሚል አንቀጽ ግን አላየሁበትም።

የስልኮቹ ፉክክር አንድ ጊዜ ጭራሽ የቆመበትም ወቅት ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ወራት ዘለቀ። ያን ጊዜ የጅዳው አይፎንና የጎማ እስሩ ኖኪያ እኩል ሆኑ። እንዲያውም ኖኪያው በለጠ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ኢንተርኔት ሳይፈልግ *127# ተብሎ ይሠራል፤ መስመር በተገኘ ቁጥር ብር የሚልከው ባለ ቁልፉ ስልክ ነበር፤ ባለ ሰፊ ስክሪኑ ሰው የድሮ ፎቶውን እያየ ይውላል። ብዙ ነጋዴ ሁለት ስልክ መያዝ የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቁልፍ ያለው ለገንዘብ፣ ሰፊው ለወሬ።

ለወሬ ስል ለቢሮም ማለቴ ነው። በእኛ አካባቢ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኢሜይል ቢላክ የሚያምነው የለም። «ማህተም አለው?» ይባላል። ስለዚህ ኢሜይሉ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ክብ ማህተም ያርፍበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቴሌግራም ይላካል። ተቀባዩም አትሞ በፋይል ያስቀምጠዋል። ሐምራዊ ቀለም ያልነካው ነገር ወሬ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ከወረቀቱ ግርጌ የያዘችው አድራሻም እንደ ማንኛችንም ጂሜል ናት፤ ማን እንደከፈታት አልጠየቅሁም፣ ፎርሙላዋን ግን የማውቃት መሰለኝ።

አሁን ጋሼ ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁ ልንገራችሁ፤ ቆይቶ ነው የነገሩኝ።

አንድ መሥሪያ ቤት የእህል አቅርቦት ጨረታ አውጥቶ ነበር። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ኦርጅናልና ኮፒ ለየብቻ፣ በሰም በታሸገ ፖስታ። ጋሼ ከልጃቸው ጋር በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጥለው፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ሌሊቱን ዋጋ ሲተምኑ አደሩ። ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም። ጠዋት ሰሙ ቀለጠ፤ በአራቱም ጥግ አንጠባጠቡበት፤ ማህተማቸውን አሳረፉበት፤ ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ሣጥኑ ውስጥ ጣሉት። ፖስታው በተከፈተበት ዕለት ሰሙ አልተነካም ነበር፤ ኮሚቴውም አሳይቷቸዋል። ግን ተፎካካሪያቸው በኩንታል በጥቂት ብር ብቻ ዝቅ ብሎ አሸነፋቸው። ያችን ጥቂት ብር በግምት የሚያገኛት ሰው የለም።

«ስልኬን ጠለፉት» አሉኝ፤ «በስልክ ሳላወራው በአየር ሰሙኝ!»

ልጃቸውን ለብቻው ጠየቅሁት። ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «ለማስታወሻ» ብሎ ፎቶ አንስቶት ነበር። ፎቶውን እንዳይጠፋ ብሎ ቴሌግራም ላይ ላከው። ለራሱ መላኩ ነው የመሰለው፤ የተላከው ግን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ነው። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ደሴ ያለ፣ አዲስ አበባ ያለ፣ ጅዳ ያለ ዘመድ ሁሉ አለ፤ የተፎካካሪያቸው አማችም አለ። ፎቶው ሥር አንዲት አክስት «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳካው» ብላ ጽፋለች፤ ሌላው የእጅ ጭብጨባ ልኳል። ጋሼ ግሩፑ ውስጥ ቢኖሩም ማስታወቂያው ስለሚጮህባቸው ድምፁን አስዘግተውታል። ያስዘጉት ያቺው ሱቅ ነው።

ለአባቱ እንዳልነግር አስምሎኛል፤ ጋሼም እስከ ዛሬ የማይጠለፍ ስልክ ይፈልጋሉ። ለሳቸው የሚሆነውን ተጠይቄ ፍርዴን ሰጥቻለሁ፤ ለገንዘቡ ባለ መብራቱ ቁልፍ ስልክ ይቆይ፤ ለኢሜይሉ ገና አፕዴት የሚመጣለት መካከለኛ ሳምሰንግ ይበቃል፤ አይፎን ከሆነ ግን ከነካርቶኑ አዲስ የተገዛ ይሁን፣ ከጅዳ የተላከ አይሁን። ቴክኖውንም አልነቅፍም፤ አፕዴቱን ክፍት አድርጎ፣ ፓኬጁን ትንሽ ጨምሮ የያዘው ሰው ከተቆለፈ አይፎን የተሻለ ያድራል።

ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኢሜይላችሁን የከፈተላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ «ደህንነት» የሚለውን ንኩ። የመልሶ ማግኛ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዩ፤ የእናንተ ካልሆነ በራሳችሁ ቀይሩት። ከዚያ ፓስወርዱን ለውጡ፤ አዲሱንም ካርቶን ላይ አትጻፉት። ለመግባት ደግሞ የድሮው ፓስወርድ ያስፈልጋችኋል። ካላወቃችሁት ልጁን ጠይቁት፤ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ሱቁን አይዘጋም።